ጃንጥላ የሚይዘው ባል

ከደሴ ተቀይሬ ወረታ የማስተምር ጊዜ ነው። ቫይረሱ በደሜ ውስጥ ነበር፤ አርግዤም ነበር። ለልጄ እንዳይተላለፍ መድኃኒት የምወስደው ከጤና ጣቢያው ነው። እዚያ አግዳሚ ላይ የሩዝ ገበሬ ሚስት፣ ጠላ ሻጭ፣ የቄስ ልጅ ሳትቀር ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ከባሏ ጋር የመጣች ወረፋ ሳትጠብቅ ትገባለች፤ ባሎች መምጣት እንዲለምዱ ተብሎ ነው። የኔው ባል፣ ሹፌሩ ግን "ሰው ያየኛል" ብሎ በበሩም አያልፍ።

አንዲት በርበሬ ነጋዴ አለች፤ ባሏ አንድም ቀን ተለይቷት አያውቅም። በዚያ በፎገራ ጭቃ ክንዷን ደግፎ፣ ጃንጥላ ይዞላት ሲመጣ ቅናት ያንገበግበኛል። የሱ ትከሻ ይበሰብሳል፤ እሷን ጠብታ አይነካትም። ምን አስነክታው ይሆን? መልኳ እንኳ ከኔ አይበልጥም!

አንድ ቀን መድኃኒቷን ይዛ ስትወጣ ዓይኔ ሰውየው ላይ እንደተተከለ አየችኝ። መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች፤ ሰውየውም ተከትሏት መጥቶ ቆመ። ልትሰድበኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"እህቴ፣ ወንድሜ እኮ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ። "ባሌማ ቫይረሱ እንዳለብኝ የሰማ ዕለት ጥሎኝ ሄደ። በይ አንችም ይዘሽው ግቢ።"

ወዲያው ነርሷ በሩን ከፈተች። እኔን አየች፤ አጠገቤ የቆመውን ሰውዬ አየች።

"ይችም ሚስትህ ናት?" አለችው ሳቋን አፍና።

"አዎ" አለና ጃንጥላዬን ከእጄ ተቀበለኝ።