ጎርፉ የወሰደው ወሰን

ጋሽ አራጌ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ከጎብዬ ከፍ ብሎ ባለው ቀበሌ ሠላሳ ክረምት ጎርፍ አከፋፍለዋል። ከተራራው የሚወርደውን ውኃ ማን ቀድሞ ወደ ማሽላው እንደሚጠልፍ፣ ማን ተራ እንደሚጠብቅ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። በአካፋ ሊማታ የተነሣ ሰው ሁሉ እሳቸው ሲመጡ ይበርድ ነበር።

የራሳቸውን መሬት በኑዛዜ ሲያካፍሉ ግን የተሳሳቱት በዚያው በሚያውቁት ጎርፍ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያጻፉት ወረቀት፣ «ከጎርፉ መውረጃ ወዲህ ያለው ለልጄ ለፍሬሕይወት፣ ወዲያ ያለው ለልጄ ለኤፍሬም» ይላል። ያኔ እኩል ነበር። አምና ነሐሴ ጎርፉ የድሮ መንገዱን ጥሎ በፍሬሕይወት ድርሻ በኩል ሰንጥቆ ወረደ። አሁን ከመውረጃው ወዲህ የቀረው ቤቱና ጠጠር ብቻ ነው።

ደረታቸውን ካመማቸው ወዲህ የምታስታምማቸው ፍሬሕይወት ናት። ኤፍሬም ቆቦ ባጃጅ ይነዳል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን አንድ ቀን፣ «ወረቀቱ ያለው ይሆናላ» ብሎ አለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ አራጌ መቀመጥ አቃታቸው። ይወጣሉ፣ መሬቱን ያያሉ፣ ይገባሉ፣ ደግሞ ይወጣሉ።

«አባዬ፣ አረፍ በሉ እንጂ» ትላለች ልጃቸው።

«አርፌ ሞቼ ልትጎጂ ነው?»

በሐምሌ አጋማሽ ብርሃኑን አስጠሩት። ጎብዬ ውስጥ ማመልከቻ በመጻፍ የሚተዳደር ሰው ነው። መሬቱን በገመድ ለክቶ፣ በየማዕዘኑ ድንጋይ አስተክሎ፣ የድሮውን የሚሽር አዲስ ኑዛዜ ጻፈ። ኢብሮና ሌሎች ሦስት ጎረቤቶች ምስክር ሊሆኑ ደጃፍ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«አራታችሁም ባላችሁበት ተነቦ እዚሁ ይፈረማል። አንድ ሰው ከጎደለ አይሆንም» አለ ብርሃኑ።

ንባቡ ከመጋመሱ በተራራው በኩል ነጎደ። አራቱም አካፋቸውን ያዙ።

ኢብሮ ተነሣ። «አራጌ፣ ማሽላዬ ጠምቷል። ነገ እንጨርሰው።»

«ነገ እኔ ከሌለሁስ?»

«ወላሂ፣ አንተ እኛን ሁላችንን ሳትቀብር አትሞትም!»

ተሳሳቁ። ጋሽ አራጌ አልሳቁም።

«ሠላሳ ዓመት ተራ ጠብቁ ስላችሁ ጠብቃችኋል። ዛሬ ተራው የዚች ወረቀት ነው።»

ኢብሮ ሰማዩን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ቁጢጥ አለ። «በል ብርሃኑ፣ አፍጥነው!»

«አያፍጥን! ቃል ይዘላል» አሉ ጋሽ አራጌ።

ንባቡ ሲያልቅ እሳቸው ፈረሙ። ምስክሮቹም ወረቀቱን በኢብሮ አካፋ ጀርባ ላይ እያስደገፉ ተራ በተራ ፈረሙ። የጎርፉ ድምፅ ሲቃረብ ሁሉም ወደየማሳቸው ሮጡ።

ብርሃኑ እስክሪብቶውን ኪሱ ሲከት ጋሽ አራጌ ክንዱን ያዙት።

«የፍሬሕይወትን ቦታ ብቻ ድገምልኝ።»

አነበበላቸው። ዓይናቸው ግን ወደ ተራራው ነበር።

«ጎርፉ ድንጋዩን ይዞት ቢሄድስ?»

«ልኩ ተጽፏል፣ ጋሼ።»

«ቢሆንም መስከረም ላይ ና። ዞረን እናየዋለን።»