በአያ ሙሄ ሞራ የሳቅሁበት ቀን

ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህችን ዋጥኳት። አንተ የምታነበኝ ግን ፊቴን አታየውም፤ ስማኝ።

ቆቦ ላይ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። የፈረንጁን ንጉሥ ከነልጅ ልጁ እያስሸመደድኩ፣ የራያን ሰው አንድም ቀን ያላነሳሁ አስተማሪ! ከረሃቡ በፊት በነበረው ዓመት ዘሃራ የምትባል ተማሪዬ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ አባባ መጥቶ የሚያውቀውን ይንገረን?» አለች። አያቷ አያ ሙሄ ሞራ ገላጭ ነበሩ፤ የታረደ በግ ሞራ ዘርግተው መጪውን ዘመን የሚያዩ።

ይምጡ አልኩ። ልማር ብዬ መሰለህ? ልስቅባቸው ነው እንጂ!

ከልጃቸው ከይማም፣ ከዘሃራ አባት ጋር መጡ። ሞራውን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጉ። የጠቆረችውን ሥር እያሳዩ፣ የነፋሱን መዞር፣ የወፎቹን መሰደድ ነገሩን። «ሁለት ክረምት ይከፋል። የማሽላ ጉድጓዳችሁን እንዳትከፍቱ» አሉ። እኔ ምን አልኩ? «ተማሪዎች፣ ድንቁርና ማለት ይኸውላችሁ!» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ይማም በአባቱ አፍሮ አንገቱን ደፋ።

ይማም የዘሃራን ታላቅ ሊድር ነበር። የአባቱን ቃል ሰምቶ ድግሱን ሊያሳንሰው አስቦ ነበር አሉ። የተማረ ሰው ሲስቅ ካየ በኋላ ግን ጉድጓዱን ከፍቶ ያከማቸውን ማሽላ ለድግሱ አሟጠጠው። እኔም ተጠራሁ። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ በተለየው ዳስ፣ ከፊት ተቀምጬ፣ ከዚያ ማሽላ በላሁ። ጠግቤ በላሁ!

ከዚያ ሰማዩ ጨከነ። ደመናው በዞብል ተራራ በኩል ብቅ ይላል፤ አንጋጠን እያየነው ያልፋል። ከብቱ አለቀ። ዘሃራ መጀመሪያ ከትምህርት ቀረች። ቀጥሎ ይማም ሞተ። እሷ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ወድቃ ሞተች። እኔ ደሞዜን እየበላሁ ከረምኩ። ማን ገደላት? ድርቁ ብቻ ነው ልበልህ?

አያ ሙሄን መጨረሻ ያገኘኋቸው አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። አልረገሙኝም። ምነው በረገሙኝ! «የማውቀውን የምትቀበለኝ ዘሃራ ነበረች። ቁጭ በል ልጄ፣ ላንተ ላሳይህ፤ አብሮኝ አይቀበር» አሉኝ። እኔ አውቶቡሱ መጣ ብዬ ተሳፈርኩ። ወር ሳይሞላ ሞቱ።

ባለፈው ሳምንት ወጣት አስተማሪዎች ቤቴ መጡ። ከፈረንጁ ሌላ የራሳችንንም ጥበብ ለልጆች ልናስተምር ነው፣ የድሮ ሰው ነዎትና የራያ አባቶች ሰማዩን እንዴት ያነቡ እንደነበር ይንገሩን አሉኝ። ደብተራቸውን ከፍተው፣ እስክሪብቶ ይዘው ጠበቁኝ። የምነግራቸው አልነበረኝም። ለምን እንደሌለኝም አልነገርኳቸውም። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ያንተ ልጅ አልሞተችብህም።