ላሟ የተቀበረችበት ቦታ

ጌጫ በመምህርነት ስመደብ የተከራየሁት ክፍል ከአከራዮቼ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራ ነበር። አከራዬን ጋሼ እላቸው ነበር። ጥቂት ከብቶች የሚያረቡ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ።

አንድ የበጋ ጠዋት የምትታለበው ላማቸው በረት ውስጥ ሞታ ተገኘች። ማታ ደህና ሆና ነበር የገባችው። ካፍንጫዋ የሚወርደው ደም ጠቁሯል፣ አልረጋም። ጎረቤቶች ሥጋው ይበላ አይበላ ሲባባሉ የጋሼ ባለቤት በክት ቤቴ አይገባም ብለው ከለከሉ። ጋሼ ግን ቆዳው እንኳ ይትረፍ ብለው ገፈፏት፤ ከዚያም ከቤቱ በታች ባለው ግጦሽ ቀበሯት።

ሳምንት ሳይሞላ ክንዳቸው ላይ ብጉር የመሰለ ነገር ወጣ። ባለቤታቸው ሸረሪት ሸንታባቸው ነው አሉ። ብጉሩ ፈርጦ መሐሉ እንደ ከሰል ጠቆረ፤ እጃቸውም አበጠ። የገረመኝ አያመኝም ማለታቸው ነው። ከሴት ልጃቸው ጋር ሆነን በጭነት መኪና ቴፒ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ነርሷ ክንዳቸውን አገላብጣ አየችና፣

«አባት፣ በቅርቡ የሞተ ከብት ነክተዋል?» አለቻቸው።

አባ ሰንጋ ነበር። ፔኒሲሊን ተወግተው ዳኑ።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ቆዳውን አስቃጠለ፤ መቀበሪያው ላይ ከብት እንዳይግጥ ይታጠር አለ። በሽታው አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት እንደሚቆይም ለጋሼ ነገራቸው። ያመኑት አልመሰለኝም። አጥሩን ግን አጠሩ።

ከዚያ እኔ ወደ ቴፒ ተዛወርኩ። ጋሼም አርጅተው አረፉ፤ መሬቱ ለሴት ልጃቸው ደረሰ። አጥሩ በስብሶ ወደቀ። ባሏ የሌላ አገር ሰው ስለነበር ነገሩን ሳያውቅ በዚያው በኩል የውሃ መውረጃ ቦይ ቆፈረ። የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን አጥቦ ግጦሹ ላይ በተነው። በጋ ሲገባ ፍየሎቻቸው በድንገት ሞቱ።

ይህን የነገረችኝ ቴፒ ገበያ ተገናኝተን ነው። ባሏ የሞቱትን ፍየሎች ሊገፍፍ ቢላዋ ይዞ ሲመጣ እጁን ለቀም አድርጋ ያዘችው።

«አትንካቸው። አባባን ሊገድል የነበረው ይኸው ነው።»

ሬሳቸውን ሳይከፍቱ ባሉበት አቃጠሉ፤ የቀሩት ከብቶች ተከተቡ፤ ግጦሹንም ተዉት። ለምን ቀድማ እንዳልነገረችው ጠየቅኋት።

«ያለቀ ነገር መስሎኝ ነበር፣ መምህርት» አለችኝ።

ሽንኩርቷን በፌስታል ቋጠረችና የጌጫ መኪና እንዳያመልጣት ተሰናብታኝ ሄደች።