ከሰሜኑ ግብ በታች

በሬቨንስሎ መንደር የእግር ኳስ ሜዳ ሊጉ ያልጻፈው፣ ዳኛም የማያስከብረው አንድ ሕግ ነበረ። በሰሜኑ ግብ የቆመ በረኛ የታኬታውን ጭቃ ለማራገፍ የግራውን ቋሚ በእግሩ መምታት አይችልም። ሕጉን ያወጣውም የሚያስፈጽመውም የሜዳው ጠባቂ አሞስ ተርላዌይ ነበር። ከመረቡ ኋላ የብረት መፋቂያ ተክሎ፣ ከበላዩ ባቆመው ሰሌዳ ላይ «ጭቃ የሚራገፈው እዚህ ነው» ብሎ በነጭ ቀለም ጽፎበታል። ሰሌዳውን ያላነበበ እንግዳ ቋሚውን ከመታ፣ ጨዋታው ቢጋጋልም አሞስ በመሥመሩ ጠርዝ ተራምዶ ይመጣና አጠገቡ ይቆማል።

አንድ የጎረቤት መንደር በረኛ በዚህ ተናድዶ፣ «አባባ፣ ቋሚው ሚስትህ ነው እንዴ?» አለው። ተመልካቹ ሳቀ። አሞስ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። «መፋቂያው ከኋላህ ነው» አለና ሰውየው እስኪዞር ጠበቀ። የመንደሩ ሰዎችም ነገሩን የሽማግሌ አመል ነው ብለው ተዉለት።

ክለቡን በ1909 የመሠረቱት ከሰል ቆፋሪዎች ናቸው። ከታላላቆቹ ምድቦች ደጃፍ ደርሶ አያውቅም። የተጫዋቾቹ ልብስ መለወጫ መጀመሪያ የመጠጥ ቤቱ ጓዳ ነበር፤ ኋላም ከማዕድኑ በተረፈ ሳንቃ የተሠራ ዳስ ሆነ። ማዕድኑ ተዘጋ፤ ባቡሩም መምጣቱን አቆመ፤ በመጨረሻም የትምህርት ቤቱ በር ተቸነከረ። ክለቡ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወት ነበር።

ከክለቡ ጋር አብሮ የተወለደ አንድ ልማድም ነበር። ተጫዋች የማዕድን ፈረቃው ከግጥሚያ ቀን ጋር ከገጠመበት፣ ከቤተሰቡ አንዱ በእርሱ ምትክ ይወርዳል። ይህ በውለታ አይቆጠርም ነበር፤ ውለታ ቢሆን መመለስ በተቻለ።

በኅዳር ወር 1951 አሞስ የሃያ ሦስት ዓመት በረኛ ነበር። በአንደኛው ቅዳሜ የውሃ መምጠጫውን መጠበቅ የእርሱ ተራ ሆነ፤ በምትኩ ታላቅ ወንድሙ ከትበርት ወረደ። ከትበርት መብራቱን ይዞ ሲሄድ እየሳቀ፣ «ዛሬ ጨዋታህን የምሰማው ከእግርህ ሥር ሆኜ ነው። ጎል ቢቆጠርብህ በጩኸቱ አውቃለሁ» አለው። አሞስ ወንድሙ የት እንደሚቀመጥ ገባው። በ1926 ማዕድኑ ሰባት ወር በተዘጋባቸው ጊዜ፣ አባቶቻቸው ለምድጃቸው ከሰል ፍለጋ በሜዳው ሥር አንድ ዝቅተኛ ዋሻ በድብቅ ቆፍረው ነበር። ዋሻው ከመምጠጫው መንገድ ተነሥቶ እስከ ሰሜኑ ግብ ይደርሳል። በየትኛውም ካርታ ላይ የለም፤ የቆፈሩትም ሰዎች አፋቸውን ዘግተው ወደ መቃብር ወርደዋል፤ ለሁለቱ ወንድማማቾች ብቻ አባታቸው ነግሯቸው ነበር።

ከዕረፍት በኋላ አሞስ በሰሜኑ ግብ ቆመ። ሜዳው ጭቃ ነበር። እንደ ልማዱ ታኬታውን በግራው ቋሚ ላይ አራገፈ፤ ሦስት ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ። ጥቂት ቆይቶ እጁን ያሳረፈበት ቋሚ ተንቀጠቀጠ፤ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያም አንድ ጊዜ። ዞር ብሎ አየ። ብርድ የመታው ተመልካች እግሩን ሲደበድብ መስሎት ነበር። ደግሞ አራገፈ፤ ደግሞም ተመለሰለት። በዚህ መካከል የማዕዘን ምት ተመታና ነገሩን ረሳው። ሬቨንስሎ ሁለት ለአንድ አሸነፈ።

የማዕድኑ ጡሩምባ የጮኸው ተጫዋቾቹ ሲታጠቡ ነው። አለቃው ጣሪያው በመምጠጫው መንገድ ላይ መደርመሱን፣ ከትበርትም በዚያ መቅረቱን አስታወቀ። አራት ቀን ያንን መንገድ ቆፈሩ፤ አሞስም ወንድሙ ወደ ሥራው ተመልሶ ሳለ የተደረመሰበት መስሎት ከቆፋሪዎቹ አንዱ ነበር። ሰኞ ቀትር ላይ ቤቱ ደርሶ ጫማውን በደጃፉ ድንጋይ ላይ ሲያራግፍ፣ ሦስት በቀኝ፣ አንድ በግራ፣ ቋሚውን ያንቀጠቀጠው ማን እንደ ነበረ ገባው። ወደ ሜዳው ሮጠ። ቋሚውን መታ፤ ጆሮውንም ለጠፈበት። የመለሰለት አልነበረም። ማክሰኞ እናገራለሁ አለ፤ ማክሰኞም፣ እስካሁን የት ነበርህ መባልን ፈርቶ፣ አልተናገረም። ረቡዕ ፍለጋው ቆመ፤ መንገዱም ተደፈነ። ሰኞ ቀትር ላይ ቢናገር ኖሮ ወንድሙ ይተርፍ እንደነበረ የሚያውቅ የለም። አሞስ የሚያውቀው አለመናገሩን ነው።

ጓንቱን ዳግመኛ አላጠለቀም። የሜዳው ጠባቂ ልሁን ብሎ ጠየቀ፤ ሆነም። በየበጋው በሰሜኑ ግብ ፊት መሬቱ ጥቂት ይሰረጉድ ነበር፤ እርሱም በየበጋው አፈር እያመጣ ይሞላው ነበር።

በ1993 መከር ግን በጨዋታ መካከል መሬቱ በአንድ ክንድ ጥልቀት ወረደ። አውራጃው ሜዳውን ዘጋ። ፔንሮዝ የሚባል መሐንዲስ ከሥር ያለውን ባዶ ስፍራ ፈልጎ በሲሚንቶ እንዲሞላ መጣ፤ ዐሥራ አንድ ጉድጓድ ሰረሰረ፤ ሁሉም ድንጋይ ሆነበት። የክለቡ ሊቀ መንበር ሥጋ ሻጩ ሪድሊ ነገሩን በአጭሩ ተናገረ፤ እስከ ዓርብ ካልተገኘ ሜዳው ለዘለዓለም ይዘጋል፣ ሜዳ የሌለውም ክለብ ከሰማንያ አራት ዓመት በኋላ ከሊጉ ይሰረዛል።

ሐሙስ ዕለት አሞስ በሜዳው ዳር ወዳለችው የሻይ መሸጫ መስኮት ሄደ። ሻዩንና ሥጋ የተሞላበትን ዳቦ የምትሸጠው ሄስተር ኮልታርድ ነበረች። በዚያ ኅዳር የከትበርት እጮኛ ነበረች፤ ኋላም ሌላ አግብታ ባሏን ቀብራለች።

«ዋሻው የት እንዳለ አውቃለሁ» አላት።

«ታዲያ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? መሐንዲሱ ያውና ቆሟል።»

«እንዴት እንዳወቅሁ መጀመሪያ መስማት ያለብሽ አንቺ ነሽ።»

አንዳች ሳያስቀር ነገራት። እርሷ የደረቀውን ኩባያ ደጋግማ ታደርቅ ነበር።

«ቋሚውን ስንት ጊዜ መታህ?» አለችው በመጨረሻ።

«ሦስት በቀኝ፣ አንድ በግራ። እንደ ሁልጊዜው።»

«እናታችሁ ደጃፉን ሰበርክብኝ እያለች የምትጮህብህ ያ ምት።»

«እሱው ነው።»

«እንግዲያው አንተ መሆንህን አውቋል።»

አሞስ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ የሸሸው ይህንን ቃል ነበር። «አውቆም ጠብቆኛል» አለ።

ሄስተር ኩባያውን አስቀመጠች። «እኔም ጉድጓዱ አፍ ላይ አራት ቀን ቆሜ ጠብቄዋለሁ። አንተ በአጠገቤ ስትወጣና ስትገባ ነበር።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አሁን ሂድና ለሰውየው ንገረው። ከዛሬ ጀምሮ ግን ሻይ አልቀዳልህም።»

ሄዶ ነገረው። ዓርብ ጠዋት ከግራው ቋሚ አንድ እርምጃ ርቀው ሰረሰሩ። ስድስት ሜትር ላይ መሰርሰሪያው ከታች የጎተተው ያለ ይመስል ወደቀ፤ በቧንቧውም ብርድና የርጥብ ከሰል ሽታ ወጣ። ሄስተር በድኑን ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። ፔንሮዝ ጣሪያው ሰው እንደማያስገባ በትሕትና አስረዳት። ቄሱ አጭር ጸሎት አነበበ።

ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት አሞስ ሞተሩን እንዲያጠፉለት ለመነ። ተንበረከከ፤ በመዶሻም ቧንቧውን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያም አንድ ጊዜ መታ። ሪድሊ ቆቡን አወለቀ። ከሥር ጠብ ጠብ የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ውሃ ነው የሚንጠባጠበው» አለ ፔንሮዝ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሄስተር ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ከቧንቧው አስጠጋች። ብዙ ቆየች። ቀና ስትል አሞስን አላየችውም፤ ለመሐንዲሱ ብቻ ቀጥል በሚል ራሷን ነቀነቀች። ሁለት ቀን ሙሉ ሲሚንቶ አፈሰሱ።

በጥር ክለቡ በሜዳው ተጫወተ። ቋሚዎቹ አዲስ ብረት ነበሩ፤ አሞስም ሰሌዳውን ነቅሏል። ከዕረፍት በኋላ እንግዳው በረኛ ታኬታውን በግራው ቋሚ ላይ አንድ ጊዜ መታ። ድምፁ ደረቅና አጭር ነበር። አሞስ ከልማድ የተነሣ በመሥመሩ ጠርዝ ሄዶ አጠገቡ ቆመ።

«ምነው አባባ፣ አይፈቀድም?»

«ይፈቀዳል። ጨዋታህን ጠብቅ።»

በረኛው ትከሻውን ነቅንቆ አንድ ጊዜ ጨመረና ኳሷ ወዳለችበት ተራመደ። ሄስተር በመስኮቷ ውስጥ ጨርቁን እንደያዘች ቆማ ነበር። በረኛው የመታው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱ አዛውንቶች፣ እርሷ ከመስኮቷ፣ እርሱ ከመሥመሩ ጠርዝ፣ ሦስተኛውን ይጠብቁ ነበር።