የነጣው የቀንዱ ጎን

እስቲ ያን የድኩላ ቀንድ አውርደህ አቀብለኝ። አየህ፣ በዚህ ጎኑ ጥቁር ቀይ ነው፣ በዚያ ጎኑ ግን እንደ አጥንት ነጥቷል። ያነጣሁት እኔ ነኝ። ጻፈው።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። የባሌ አጎት የኔን አጎት ገደለና ሽማግሌ ገባ፤ ደሙ ይድረቅ ብለው እኔን ከቢቸና አምጥተው ሞጣ ዳሩኝ። አጎቴ ጫካ ውስጥ ሞተ ከማለት በቀር በምን እንደሞተ የነገረኝ የለም። እዚያ ቤት ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ይሄን ቀንድ ነው። በበሩ የገባው ፀሐይ ሲያርፍበት ቀላ ይላል። "አጎቴን በዚህ ነው የወጉት፤ ደሙን ሳያጥቡ ሰቀሉት" አልሁ በሆዴ። እውነት ከሆነ ለወንድሞቼ መልእክት ልልክ፣ እርቁም ሊፈርስ ነው። መርዝ ፈርቼ የባሌ ቤተሰቦች ሳይቀምሱ እህል አልቀምስም ነበር።

የባሌ እናት፣ "ምነው ሙሽሪት፣ ቀንዱ ይወጋሽ ይመስል ጀርባሽን አትሰጪውም?" ይሉኛል።

አንድ ቀን ሁሉም ገበያ ሲወጡ አወረድሁና በአመድና በውኃ ፈተግሁት። ውኃው ቀላ። ባሸተው ግን የመረረ ቅጠል ነው የሚሸተኝ። ቀና ስል የባሌ አባት ቀድመው ተመልሰው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ምን ታረጊያለሽ?"

"ደሙን አያለሁ።"

አልተቆጡም። ከቤቱ በታች ወዳለው ገደል ይዘውኝ ወረዱ። አንድ ብሳና ልጡ በወገቤ ልክ ተልጦ ቀይ ውኃ ያነባል።

"ድኩላው ቀንዱን የሚያሸው እዚህ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው ዛፉ ነው። ይሄን ያሳየኝ አጎትሽ ነው፤ አብረን እናድን ነበር። ቀንዱንም የሰጠኝ እሱ ነው።"

"ታዲያ ወንድምዎ ለምን ገደለው?"

ሽቅብ ወደ ቤት መሩኝ።

አመንኋቸው? እንጃ። መንፈቅ ሙሉ ቀንዱን በጎን ሳየው ኖርሁ። ለወንድሞቼ ግን አልላክሁም። እሳቸውም ያን ዕለት ሚስታቸው ከገበያ ሳይመለሱ፣ ያነጣሁትን ጎን ወደ ግድግዳ አዙረው ሰቀሉት። ለማንም አልተናገሩብኝ።

የባሌ አባት ሞተው ተዝካራቸው በወጣ ማግስት ቀንዱን ይዤ ወደ ብሳናው ወረድሁ። የነጣውን ጎን ልጡ ላይ አሸሁት፣ እጄ እስኪላጥ አሸሁት። እንደ ድኩላው አላወቅሁበትም፤ ቀለሙ አልያዘልኝም።

በል መልሰህ ስቀለው። የነጣውን ወደ ግድግዳ አርገው፣ እሳቸው እንዳረጉት።