በመርከብ ላይ የጠፋው ጾም

ወንድሜ አንሙት ምን እንደሚሠራ ለሰው ማስረዳት አቅቶኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሽቻለሁ። እኔ ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ያለምወርቅ ሲባል የማያውቀኝ የለም። ከስፌት መኪናዬ ፊት ቆሞ የሰው ቤት ጉዳይ የማይጠይቅ ደንበኛም የለም። አንሙት የት ገባ ይሉኛል፤ መርከብ ላይ እላለሁ። ካፒቴን ሆነ እንዴ ይሉኛል፤ ወደዚያው ነው እላለሁ። ታዲያ ምን ልበል? የድጓ ተማሪ የነበረው፣ የየኔታ ወልደ ገብርኤል ቀኝ እጅ፣ ዛሬ የትልልቅ ሰው ሞግዚት ሆነ ልበል?

እውነቱ ግን እሱ ነው። መርከቡ ከዱባይ ይነሣል፤ አሥራ ምናምን ፎቅ ነው፤ ሦስት ሺህ ሰው ይጭናል። እነዚህ ሰዎች ወዴት እንደሚሄዱ ብጠይቀው የትም አይሄዱም አለኝ። ባሕሩን ይዞራሉ፣ አንዳንድ ወደብ ላይ ወርደው ፎቶ ይነሣሉ፣ በሳምንቱ ወደተነሡበት ይመለሳሉ። ታዲያ ቤታቸው ቁጭ ቢሉስ ብዬ ሣቅሁበት። ችግሩ ቁጭ ማለቱ ነው አለኝ። ባሕር መሐል ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ይሰለቻል፣ የሰለቸ ሰው ደግሞ ነገር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከጧት እስከ ማታ የሚያጫውተው ይቀጠርለታል።

አንሙት ከነዚያ አጫዋቾች አንዱ ነበር። ጧት በመዋኛው ዳር አሰልፎ እጅ እግራቸውን ያፍታታቸዋል። አራት ሰዓት ላይ እስክስታ ያስተምራቸዋል። ከምሳ በኋላ ቢንጎ ያጫውታል፤ እሱ ቁጥር ይጠራል፣ እነሱ ካርቶናቸው ላይ ያጠፋሉ፣ ቀድሞ የሞላለት ይጮኻል። ከዚያ ጥያቄና መልስ ያወዳድራል፣ ፎጣ አጣጥፎ ዝሆንና ዳክዬ መሥራት ያሳያል፣ ሲመሽ ደግሞ ቲያትር ቤቱ በር ላይ ቆሞ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ጥርሱ መታየት አለበት። አለቃቸው አንዲት ቀጭን ሴት ነበረች፤ ያልሣቀ ሠራተኛ ካየች ስሙን ትጽፋለች አሉ። እኛ ቤት እኮ የአንሙትን ጥርስ ለማየት ፋሲካን እንጠብቅ ነበር።

አንዲት አሮጊት ነበረች ብሎ ነግሮኛል። ባሏ ሞቷል፤ አንዱ ጉዞ ሲያልቅ ሌላ ትኬት ቆርጣ እዚያው መርከቡ ላይ ትቀራለች። ከእስክስታው ትምህርት አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም፤ ትከሻዋ ግን ፍንክች አይልም። አንድ ቀን ይህን ያህል ለምን ትደክሚያለሽ ቢላት፣ ትከሻዬን የሚነካኝ ሰው አንተ ብቻ ስለሆንክ ነው አለችው። ይህን ስሰማ አንጀቴን በላችኝ። ሰው ከፍሎም ብቻውን ነው ማለት ነው።

እንዴት እዚያ ደረሰ ያላችሁኝ እንደሆነ፣ የተወለድነው የጁቤ ከምትባል ከተማ አጠገብ ነው። አባታችን በስምንት ዓመቱ ለየኔታ ሰጠው፤ አሥራ ስድስት ዓመት እግራቸው ሥር ተቀምጦ ተማረ። እሱ ሲያዜም ገበያተኛው መንገድ ላይ ሸክሙን ይዞ ይቆም ነበር። በ1999 ግን ሄደ። ጓደኞቹ አዲስ አበባ አዲስ አበባ አሉት፤ እዚያ ባህላዊ ምግብ ቤት ገብቶ ከበሮ መታ፣ እስክስታ ወረደ፤ ከዚያ ዱባይ፣ ከዚያ መርከብ። የኔታ አልረገሙትም። ዓለምን አይተህ ሲበቃህ ና፣ ወንበሬን ላንተ አቆይልሃለሁ አሉት። አርባ ተማሪ የሚማርበት የመምህርነት ወንበር ነው፤ እሳቸውም ከመምህራቸው ነው የተቀበሉት። የደብሩ ሰዎች ዘፋኝ እንዴት ይቀመጥበታል ሲሉ፣ ዘፈኑንም ጭፈራውንም ንስሐ ይሸፍነዋል ብለው ተሟገቱለት። ዓይናቸው ጠፋ፣ ሰማንያን አለፉ፤ ወንበሩን ግን ለማንም አልሰጡም።

አንሙትም ሌላ ነገር አልፈለገም። ስልክ ሲደውል የሚያወራኝ ስለዚያ ወንበር ነው። ተማሪዎቹ ስንት ደረሱ፣ የኔታ ጤናቸው እንዴት ነው፣ ጎጆው ክዳኑ ተለወጠ ወይ ይለኛል። ውሉ በሰኔ 2004 ያልቅና በክረምቱ መጥቶ ሊቀመጥ ነው። ለዚያች አለቃው የሚሥቅላት ይህን እያሰበ እንደነበር ራሱ ነግሮኛል።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የሚገባበትን ቀን ራሱ አወጣ። መርከቡ ላይ ያለው ካሌንደር የፈረንጅ ነው፤ ሐበሻ እሱ ብቻ ነው። ደውሎ እንዳይጠይቅ ደግሞ ነውር ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው የጾሙንና የበዓሉን ቀን አስልቶ ለሌላው ይነግራል እንጂ እሱ አይጠይቅም። ከቢንጎው ጠረጴዛ ኋላ ቆሞ፣ በአንድ ካርቶን ጀርባ ላይ ማስላት ጀመረ። ዓመተ ዓለሙን፣ ከፍጥረት ወዲህ ያለውን ዘመን፣ ለአሥራ ዘጠኝ አካፈለ፣ ትራፊውን ያዘ። ከዚያ ላይ አንድ መቀነስ ነበረበት። ገና ያላለቀ ዘመን አይቆጠርምና አንዱ ይነሣል፤ ይህን ጀማሪ ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። በዚህ መሐል ተሳፋሪዎቹ ቀጣዩን ቁጥር ጥራ እያሉ ጠረጴዛ ደበደቡ። ሄዶ ጠራ፣ ሣቀላቸው፣ ያሸነፈውን አጨበጨበለት። ተመልሶ እርሳሱን ሲያነሣ አንዱን የቀነሰ መሰለው። አልቀነሰም። በዚያች በአንድ ምክንያት ተከታዩ ስሌት ሁሉ ተዛብቶ፣ የካቲት 12 የሚገባው ጾም መጋቢት 3 ሆኖ ወጣለት።

የካቲት 14 ቀን ደውሎልኝ ነበር። ሁለት ደቂቃ አወራን። ጾሙ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እኔም ጾሜን ውዬ ሽሮዬን ልሠራ ስነሣ ነው የደወለው። ጾም ገብቷል አላልኩትም። ለእሱ? ለቀባሪው አረዱት አይሆንም? ይህችን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ምላሴን ቆርጬ መጣል ያምረኛል።

የካቲት 20 ቀን መርከቡ ላይ የሠራተኞች ምሽት ነበር። በየጉዞው አንድ ቀን ምግብ አቅራቢውም አልጋ አንጣፊውም መድረክ ላይ ይወጣና የሚችለውን ያሳያል። ጧት አልጋውን ያነጠፈለት ሰው ማታ ሲዘፍን ማየት ለተሳፋሪው ደስ ይለዋል አሉ። አንዱ ፊሊፒኖ ዘፈነ፤ አንዱ ሕንድ በካርታ አስማት ሠራ። ከአንሙት የሚጠብቁት ያንኑ እስክስታውን ነበር። እሱ ግን ነጭ ለብሶ፣ ራሱን ጠምጥሞ፣ ከበሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የጥምቀት ወረብ ይዞ ወጣ። በኋላ ምን ቆርጦህ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ሁለት ዓመት ገለባ ሰጥቻቸዋለሁ፣ አንድ ቀን ፍሬውን ልስጣቸው ብዬ ነው አለኝ።

ብርጭቆ ይዘው ሲያወሩ የነበሩት ሁሉ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ አለኝ። አሮጊቷ አለቀሰች። ወንድምሽን ታውቂዋለሽ ወይ ብትሉኝ፣ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። በጾም ግን ከበሮ አይመታም፣ ጽናጽልም አይነሣም፤ በዜማና በመቋሚያ ብቻ ነው። ይህን ከአንሙት በላይ የሚያውቅ የለም። ምን ያደርጋል፣ እሱ ጾም አልገባም ብሎ ያምናል።

አንድ ተሳፋሪ ሲቀርጸው ኖሮ በማግሥቱ በሚሞሪ ካርድ ገልብጦ ሰጠው። ዱባይ ሲደርሱ፣ ወደ አገሯ ለምትመለስ ለአንዲት የቢቸና ልጅ፣ ለእህቴ አድርሺልኝ ብሎ አደራ ሰጣት።

መጋቢት 3 ቀን ደወለ። ድምፁ ቀለል ብሏል። ዛሬ ጾም ያዝኩ አለኝ። እኔ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ፣ መፃጉዕ እኮ ትናንት አለፈ፣ ጾሙን ልናጋምስ ነው አልኩት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። ሥጋ በልቻለሁ አለ፤ ወተትም ጠጥቻለሁ አለ። ከዚያ ቆይቶ፣ ካርድ ይደርስሻል፣ ለሰው እንዳታሳዪ አለኝና ዘጋው።

ካርዱ ከፋሲካ በኋላ ደረሰኝ። እንዳታሳዪ ያለኝን ትሕትና ነው ብዬ ተረጎምኩት፤ ለእኔ የሚመቸኝ እንደዚያ ነበራ። ካፒቴን እያልኩ ስዋሽለት የኖርኩት ወንድሜ፣ ስልኬ ውስጥ ነጭ ለብሶ ሲያሸበሽብ ሳየው እልልታዬ አመለጠኝ። ጾሙን በሳተ ጊዜ የሠራው ነው ብዬ መች አሰብኩ። እሑድ በሚኒባስ ተሳፍሬ የጁቤ ወረድኩ፤ ቀጥታ የኔታ ቤት። እሳቸው ስለማያዩ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው። እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። ድምፁ አልተነካም፣ ባሕር አልበላውም አሉ።

አጠገባቸው መሪጌታ ታዲዮስ ነበሩ፤ የኔታን በማስተማሩ የሚረዱ ናቸው። ለሰው ክፉ አያስቡም፤ ቁጥር ካዩ ግን አያልፉም። ከምስሉ ጥግ ላይ አንዲት ቢጫ የፈረንጅ ቀን ተጽፋ ኖሯል። ስልኩን ከእጄ ተቀበሉ፣ በጣታቸው ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ። ይህ የቅድስት ማክሰኞ ነው፣ ሁለተኛው የጾም ሳምንት ነው አሉ። የኔታ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እኔ ስልኩን ተቀብዬ አጠፋሁት።

አንሙት ሐምሌ ላይ መጣ። የምስሉ ወሬ ቀድሞት ነበርና የደብሩ ሰዎች ከየኔታ ጎጆ ደጅ ተሰበሰቡ። ሴት ምን ትሠራለች ቢሉኝም፣ ወንድሜ ነው ብዬ ከአጥሩ አልወጣም አልኩ። የኔታ ሊያድኑት ፈልገው ነበር፤ ይህን ማንም ቢክድ አልቀበልም። በሰው አገር ተገድዶ የሠራው ነገር ቀኖና ተሰጥቶት ይታለፋል፤ ሽማግሌዎቹም ለዚህ ልባቸው ተዘጋጅቶ ነበር። የኔታ፣ አሠሪዎችህ አስገድደውህ ነው አይደል አሉት። መልሱን ሊያጎርሱት ነው። እኔ በሆዴ አዎ በል፣ ስለ እግዚአብሔር አዎ በል እለዋለሁ።

«ማንም አላስገደደኝም፣ የኔታ። ፈቅጄ ነው። ጾሙን ቆጥሬ ስቼ ነው» አላቸው።

መሪጌታ ታዲዮስ አቀርቅረው መሬት መሬት አዩ። የኔታ እስቲ እዚሁ ቁጠረው አሉት። ቆጠረ። አሁን አንዱን ቀነሰ፤ የካቲት 12 ላይ ደረሰ። ሰዉ ሁሉ ተነፈሰ። እኔም እሰይ፣ አበቃ ብዬ ነበር።

የኔታ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኃጢአት ቢሆን ንስሐ ነበረው» አሉ። «ይህ ግን ስሕተት ነው። ተማሪ ሲስት እኔ አርመዋለሁ። መምህር ሲስት አገር ሙሉ በጾሙ ይበላል፣ በፋሲካው ይጾማል። እንዴት አድርጌ ላስቀምጥህ?»

አንሙት እግራቸው ላይ ወደቀ። ስለ ወንበሩ አንድ ቃል አልተናገረም። በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ እንደገና ልማር ብሎ ለመናቸው።

የኔታ እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው፣ «ማን ይስማህ ልጄ? እኔ እኮ ጊዜ የለኝም» አሉት።

እውነታቸውን ነበር፤ ኅዳር ላይ አረፉ። መሪጌታ ታዲዮስ ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ አልደፍርም አሉ፤ ተማሪዎቹ ኮሮጇቸውን አንጠልጥለው ወደየደብሩ ተበተኑ። በቀብሩ ቀን ካህናቱ ግራና ቀኝ ቆመው ሲያሸበሽቡ፣ አንሙት ከእኛ ከሴቶቹ ጎን ቆሞ ነበር። ዜማው የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ ሁሉንም ያውቃል፤ ከንፈሩ ግን አልተነቃነቀም። እኔ በዚህ ነገር ዛሬም እናደዳለሁ። አንዲት ውሸት ብቻ ነበረች የቀረችው፤ እኔ ለእሱ ስል በየቀኑ የምዋሸውን ያህል እንኳ አትሆንም። ያቺን ቢላት ወንበሩ ላይ ነበር፤ አርባ ተማሪም አይበተንም ነበር።

አሁን ከእኔ ጋር ሱቅ ይውላል፤ ቁልፍ ይተክላል፣ ጠርዝ ይዘመዝማል። ካፒቴኑ መጣ እያሉ የሚቀልዱበት ነበሩ፤ እነሱም ሰልችቷቸው ተዉት። ክረምቱ ወጥቶ ጥር ሲጋመስ ግን፣ የድሮውን ትምህርቱን የሚያውቁ ገጠሬዎች ገበያ ሲመጡ ጎራ ይላሉ። ዘንድሮ ጾም መቼ ነው የሚገባው፣ መምህር ይሉታል። ቀና ሳይል ግድግዳው ላይ ያለውን ካሌንደር እዩት ይላቸዋል።