አምቡላንስ ልፈትን ማሽላ ዳር የተኛሁ ቀን

የወረዳችንን የድንገተኛ አምቡላንስ አገልግሎት ማን ይያዘው የሚለውን ከሚመርጡት የኮሚቴ አባላት አንዱ ነበርኩ። ሁለት ተወዳዳሪዎች ቀረቡ። በወረቀት ሁለቱም እኩል ፈጣን ናቸው። እኔ ደግሞ ወረቀት አላምንም፤ «አንዳችን በሽተኛ መስለን እንደውልና ማን ቶሎ እንደሚደርስ እንይ» አልኩ። በሽተኛው እኔው ሆንኩ።

ሐርቡ አጠገብ ካለች መንደር፣ ማሽላ ማሳ ዳር ተጋድሜ ኮምቦልቻ ላለው ለመጀመሪያው ተወዳዳሪ እያቃሰትኩ ደወልኩ። አምቡላንሱን ስጠብቅ ማቃሰቴን የሰማው የመንደሩ ቅሬ ቃሬዛ ይዞ ከች አለ። ቅሬ ማለት የታመመን ተሸክሞ የሚያደርስ፣ የሞተን የሚቀብር የሰፈር ማኅበር ነው።

«ኧረ ደህና ነኝ! ወላሂ ሙከራ ነው!» አልኳቸው።

«ወባው ነው የሚያስቀባጥረው» አሉ የቅሬው መሪ ሼህ ይመር። «አይዞህ ልጄ፣ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው።»

ፀሐይ እንዳይመታኝ ፊቴን ሳይቀር በጋቢ ሸፍነው ተሸከሙኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ይመቻል!

መንገድ ላይ መኪና ሲቆም ሰማሁ። አንድ ሰው ወርዶ ከተሸካሚዎቹ አንዱን ተካ።

«አላህ ይዘንለት» አለ በሐዘን። «አምቡላንስ ይዤ በሽተኛ ላነሳ እየሮጥኩ ነው እንጂ እስከ መቃብሩ እሸኘው ነበር።»

ጋቢውን ገልጬ ቀና አልኩ።

«የደወልኩልህ እኔ ነኝ!»

ሾፌሩ ራሱን ስቶ ዘጭ አለ። ሼህ ይመር አፍታም አልፈጀባቸው፤ እኔን አውርደው እሱን ጫኑት።